የአገርን ፖለቲካ በሒሳብ መቅረጽ፦ የሚቻለውና የማይቻለው

የጠያቂው ጥያቄ በአጭሩ፦ «የመጀመሪያ ዲግሪዬ በሒሳብ ነው፤ አሁን በኢኮኖሚክስ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፌ የኢትዮጵያን የፖለቲካ ሥርዓት በሙሉ የሚገልጽ የሒሳብ ሞዴል ለመሥራት አስቤአለሁ። ፓርቲዎችን፣ ክልሎችንና መራጩን ሕዝብ በዲፈረንሻል ኢኩዌሽን አስተሳስሬ፣ ሥርዓቱ የተረጋጋ መሆን አለመሆኑንና የሚቀጥለው ምርጫ ውጤት ምን እንደሚሆን ማወቅ እፈልጋለሁ። ፖለቲካል ሳይንስ የሚያስተምሩ አንድ ወዳጄ ግን ሰው ቁጥር ስላልሆነ ድካሙ ከንቱ ነው ይሉኛል። ማናችን ነን ትክክል? ከየት ልጀምር?»

ወዳጅዎ ተሳስተዋል፤ እርስዎ ያቀዱት ሥራም ባቀዱት መልክ አይሳካም። ሁለቱ ስሕተቶች ግን አንድ ዓይነት ስላልሆኑ ለየብቻ መታየት አለባቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ በተለየ ካልተገለጸ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ሰው ቁጥር አይደለም» የሚለው ተቃውሞ ሒሳብን ከመቁጠርና ከመደመር ጋር አንድ አድርጎ ከማየት የመጣ ነው። በፖለቲካ ጥናት ውስጥ የሚሠራበት ሒሳብ በአብዛኛው የሚመረምረው ደንብንና ቅደም ተከተልን ነው። ሐሳብ የማቅረብ መብት የማን ነው? ድምፅ የሚሰጠው በምን ተራ ነው? ለማሸነፍ ስንት ድጋፍ ያስፈልጋል? እያንዳንዱ ወገን የሌላውን እርምጃ ገምቶ የራሱን ሲመርጥ፣ ሁሉም በአንድነት የት ይደርሳሉ? እነዚህ የሎጂክ ጥያቄዎች ናቸው፤ በቃላት ብቻ ሲመለሱ ደግሞ ስሕተቱ ሳይታይ ያልፋል። ሞዴሎቹ ሰውን ሁሉ ራስ ወዳድ አድርገው ይነሣሉ የሚለው ክስም ብዙ ጊዜ ይሰማል፣ ትክክል ግን አይደለም። አንድ ሰው «ምክንያታዊ» ለመባል የሚጠበቅበት ከፊቱ ያሉትን አማራጮች ማወዳደር መቻሉና የመጀመሪያውን ከሁለተኛው፣ ሁለተኛውን ከሦስተኛው ካስበለጠ፣ የመጀመሪያውን ከሦስተኛው ማስበለጡ ብቻ ነው። ለሃይማኖቱ ወይም ለአገሩ ሕይወቱን የሚሰጥ ሰው በዚህ መለኪያ ከነጋዴው ያነሰ ምክንያታዊ አይደለም።

የእርስዎ ስሕተት ከበድ ይላል። ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን (አንድ ነገር በጊዜ ውስጥ እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚገልጽ ቀመር) ለፕላኔት የሚሠራው ፕላኔቱ የሥነ ፈለክ ተመራማሪውን ትንበያ አንብቦ መንገዱን ስለማይቀይር ነው። ፓርቲ ይቀይራል፤ መራጩም ይቀይራል። ስለዚህ ከ1950ዎቹ ዓመታት ወዲህ ዘርፉ በዋናነት የቆመው በጨዋታ ንድፈ ሐሳብ (እያንዳንዱ የሌላውን እርምጃ እየገመተ ሲወስን ምን እንደሚከተል የሚያጠና) እና በማኅበራዊ ምርጫ ንድፈ ሐሳብ (የግለሰቦች ፍላጎት እንዴት ወደ ጋራ ውሳኔ እንደሚለወጥ የሚያጠና) ላይ ሲሆን፣ ሁለቱም ሰዎች ስለ ሌሎች ሰዎች እንደሚያስቡ ከመቀበል ይነሣሉ። የዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ሥርዓት ሠርተው አሥራ አምስት መለኪያዎችን በግምት ቢሞሉበት የፈለጉትን ውጤት ያወጣልዎታል፤ ችግሩም ይኸው ነው።

የመስኩ መሠረታዊ እውነት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በአንድ ወረቀት ላይ ሊያረጋግጠው የሚችል ነው፤ ፈረንሳዊው ኮንዶርሴ በ1785 አሳይቶታል። ሦስት አባላት ያሉት የቀበሌ ኮሚቴ በጀቱን ለመንገድ፣ ለውኃ ወይም ለትምህርት ቤት ማዋል አለበት እንበል። የመጀመሪያው አባል መንገድን፣ ቀጥሎ ውኃን፣ በመጨረሻ ትምህርት ቤትን ይመርጣል፤ ሁለተኛው ውኃን፣ ትምህርት ቤትን፣ መንገድን፤ ሦስተኛው ትምህርት ቤትን፣ መንገድን፣ ውኃን። ሁለት ሁለት እያደረጉ ድምፅ ቢያሰጡ መንገድ ውኃን ሁለት ለአንድ ያሸንፋል፣ ውኃ ትምህርት ቤትን ሁለት ለአንድ ያሸንፋል፣ ትምህርት ቤት ደግሞ ተመልሶ መንገድን ሁለት ለአንድ ያሸንፋል። ሦስቱም አባላት በየግላቸው የማይምታታ ፍላጎት አላቸው፤ «የኮሚቴው ፍላጎት» የሚባል ነገር ግን የለም። ሰብሳቢው መንገድና ውኃን አስቀድሞ ቢያወዳድርና አሸናፊውን ከትምህርት ቤት ጋር ቢያቀርብ ትምህርት ቤት ያሸንፋል፤ ውኃንና ትምህርት ቤትን ቢያስቀድም መንገድ ያሸንፋል። አንድም ድምፅ አልተሰረቀም፣ አንድም ሰው አልተታለለም፤ ውጤቱን የወሰነው ተራውን ያወጣው ሰው ነው። ኢኮኖሚስቱ ኬኔት አሮው በ1951 ይህ የአንድ ደንብ ጉድለት ሳይሆን የሁሉም መሆኑን አረጋገጠ። ሦስት ወይም ከዚያ በላይ አማራጮች ባሉበት ጊዜ፣ ማንኛውንም ዓይነት የግለሰቦች ቅደም ተከተል ተቀብሎ፣ ሁሉም የተስማሙበትን የሚያከብር፣ ሁለት አማራጮችን ሲያወዳድር ሦስተኛውን የማይመለከትና አንድን ሰው አምባገነን የማያደርግ፣ ሁልጊዜም ወጥ የሆነ የጋራ ቅደም ተከተል የሚያወጣ ደንብ ሊኖር አይችልም። አንዳንዶች ይህን «ዴሞክራሲ አይቻልም ማለት ነው» ብለው ይተረጉሙታል። አያስኬድም፤ ቲዎረሙ (በሒሳብ የተረጋገጠው ድምዳሜ) የሚለው ከተዘረዘሩት ባሕርያት ቢያንስ አንዱ መለቀቅ እንዳለበት ነው፤ የትኛው ይለቀቅ የሚለውን የሚመልሰው ሒሳብ አይደለም።

እዚህ ላይ «ታዲያ የመካከለኛው መራጭ ቲዎረምስ?» ብለው እንደሚጠይቁ እገምታለሁ፣ የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች መጀመሪያ የሚያገኙት እርሱን ነውና። ዱንካን ብላክ በ1948 ያረጋገጠው፣ አንቶኒ ዳውንስ በ1957 ወደ ፓርቲዎች ፉክክር ያሻገረው ሐሳብ ይህ ነው፦ ጉዳዩ በአንድ መስመር ላይ የሚደረደር ከሆነና እያንዳንዱ መራጭ ከሚወደው ነጥብ በራቀ መጠን ደስታው የሚቀንስ ከሆነ፣ የመካከለኛውን መራጭ ነጥብ በአብላጫ ድምፅ የሚያሸንፍ ሌላ ነጥብ የለም። አምስት ሰዎች ከበጀቱ ለትምህርት መዋል ያለበት 10፣ 15፣ 20፣ 30 እና 45 በመቶ ነው ቢሉ ውጤቱ 20 ነው። የመጨረሻው ሰው ሐሳቡን ከ45 ወደ 90 ቢያሳድግ አማካዩ ከ24 ወደ 33 ይዘላል፤ መካከለኛው ግን እዚያው 20 ላይ ይቆያል። ውብ ውጤት ነው፣ ግን በአንድ መስመር ላይ ብቻ። ጉዳዩ ሁለት ገጽታ ሲኖረው፣ ለምሳሌ የበጀት መጠንና የሥልጣን ክፍፍል አብረው ሲነሡ፣ እጅግ የተለየ የመራጮች አቀማመጥ ካልተገኘ በቀር የማይሸነፍ ነጥብ እንደማይኖር ማኬልቪ በ1976 አሳይቷል፤ አጀንዳውን የያዘ ወገን ድምፅ ሰጪዎቹን በተከታታይ ድምፅ ከየትም ወደ የትም ሊያደርሳቸው ይችላል። የኢትዮጵያን ፖለቲካ በአንድ መስመር ላይ ላስቀምጥ የሚል ተማሪ መጀመሪያ መስመሩ የትኛው እንደሆነ ማስረዳት ይጠበቅበታል። የመሬት ይዞታ፣ የማዕከልና የክልል ሥልጣን፣ የቋንቋ ጉዳይ በአንድ መስመር አይደረደሩም።

እውነታው ግን ሞዴሉ እንደሚለው አይናወጥም። ምክር ቤቶች ሳይዋዥቁ ዓመታት ይቆያሉ። ይህ ልዩነት ለሥራዎ ከሁሉም የላቀ ቁም ነገር ስለያዘ ልቆይበት።

ሦስት ክልሎች 100 ብር በአብላጫ ድምፅ ይከፋፈላሉ እንበል። እኩል ከመካፈል ተነሥተው ሁለቱ ተስማምተው 50 እና 50 ወስደው ሦስተኛውን ባዶ ያስቀሩታል። የተገፋው ለመጀመሪያው 60 ሰጥቶ 40 ለራሱ ያስቀራል፤ አሁን የተገፋው ሁለተኛው ነው፣ ለሦስተኛው 50 ሰጥቶ 50 ይወስዳል፤ የመጀመሪያው ደግሞ ለሁለተኛው 55 ሰጥቶ 45 ይዞ ይመለሳል። ማብቂያ የለውም። አሁን አንድ ደንብ ይጨመር፦ በዕጣ የወጣ አንድ ክልል ሐሳብ ያቀርባል፣ ማሻሻያ ሳይደረግበት ወዲያው ድምፅ ይሰጥበታል፣ ከወደቀ እንደገና ዕጣ ይወጣል። ባሮንና ፌሬጆን በ1989 ይህን ጨዋታ ፈትተውታል። ተጫዋቾቹ መዘግየትን ብዙም የማይፈሩ ከሆኑ አቅራቢው ወደ 67 ገደማ ለራሱ ይወስዳል፣ ለአንዱ 33 ይሰጣል፣ ሌላው ምንም አያገኝም። ትርምሱ ቆመ፤ ያቆመው ግን የሰዎቹ ጨዋነት ሳይሆን የሥነ ሥርዓት ደንቡ ነው። መረጋጋቱም ዋጋ አለው፤ አቅራቢ የመሆን ዕድል ራሱ ሀብት ይሆናል። ስለዚህ «ሥርዓቱ የተረጋጋ ነውን?» የሚለው ጥያቄዎ «የትኛው ደንብ ነው ያረጋጋው? ከተነሣ ምን ይከተላል?» ወደሚል መለወጥ አለበት።

ይህ ለእኛ ባዕድ ነገር አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 62 መሠረት የክልሎች የድጎማ ማከፋፈያ ቀመር የሚወሰነው በፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ክፍፍሉ በየዓመቱ ከዜሮ ተነሥቶ ድርድር የሚደረግበት ሳይሆን ለተወሰኑ ዓመታት በሚጸና ቀመር መሥራቱ፣ ከላይ ያየነውን ዙር የሚሰብር አንዱ መሣሪያ ነው። ጠቡም ከብሩ መጠን ወደ ቀመሩ መለኪያዎች ይሸጋገራል፤ የሕዝብ ብዛት ምን ያህል ክብደት ይሰጠው፣ የመሠረተ ልማት ጉድለትስ? የቀመር ክርክር ላላወቀው ደረቅ የቴክኒክ ጉዳይ ይመስላል፤ በሞዴሉ ሲታይ ግን ዋናው የፖለቲካ ትግል የሚካሄደው እዚያ ነው።

ሁለተኛው ሊጨበጥ የሚችል መሣሪያ የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው። የድምፅ ብዛትና ኃይል አንድ እንዳልሆኑ የሚያሳየው ምርጥ ምሳሌ ከአውሮፓ የመጣ ነው። በ1958 የተመሠረተው የአውሮፓ ኢኮኖሚ ማኅበረሰብ በሚኒስትሮች ምክር ቤቱ ለጀርመን፣ ለፈረንሳይና ለጣልያን ለእያንዳንዳቸው 4፣ ለኔዘርላንድስና ለቤልጅየም 2፣ ለሉክሰምበርግ 1 ድምፅ ሰጠ። ጠቅላላው 17 ሲሆን ለማሸነፍ 12 ያስፈልግ ነበር። ሉክሰምበርግ ከሕዝቧ ቁጥር አንጻር ከሚገባት በላይ የተሰጣት ይመስላል። ነገር ግን የሌሎቹ አምስት አገሮች ድምፆች ሁሉ ሙሉ ተጋማሽ ናቸው፤ ድምራቸው መቼም 11 ሊሆን ስለማይችል የሉክሰምበርግ አንድ ድምፅ ውጤት የሚቀይርበት አንድም አጋጣሚ የለም። ኃይሏ ዜሮ ነበር። ሼፕሊና ሹቢክ በ1954 ያቀረቡት መለኪያ ድምፅ ሰጪዎች በተለያየ ተራ ሲቀላቀሉ የማን ድምፅ ሽንፈትን ወደ ድል እንደሚቀይር ይቆጥራል፤ በዚህ ሲሰላ ከጠቅላላው ኃይል 60 እጅ ሦስቱ ትልልቅ አገሮች እያንዳንዳቸው 14፣ ሁለቱ መካከለኞች እያንዳንዳቸው 9 ያገኛሉ። ቤልጅየም ከድምፆቹ 12 በመቶ ያህል ይዛ 15 በመቶ ኃይል ነበራት ማለት ነው። ማኅበረሰቡ በ1973 ተስፋፍቶ የድምፅ ክፍፍሉ እስኪቀየር ድረስ ይህ ደንብ በሥራ ላይ ቆይቷል። ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል፦ በሙሉ ስምምነት ብቻ በሚወሰኑ ጉዳዮች ሉክሰምበርግ እንደ ጀርመን ሁሉን ማገድ ትችል ነበር። መለኪያው የሚናገረው ስለ አንድ ደንብ ነው፤ አንድ አገር ስላላት አጠቃላይ ተጽዕኖ አይናገርም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ኢሕአዴግ በነበረበት ዘመን አራቱ አባል ድርጅቶች በ180 አባላት ምክር ቤት ውስጥ እኩል 45፣ 45 መቀመጫ ነበራቸው፤ የሚወክሉት ሕዝብ ብዛት ግን በጣም የተራራቀ ነበር። ድርጅቶቹ እያንዳንዳቸው እንደ አንድ ሰው ድምፅ ይሰጣሉ ብለን ብንነሣ፣ ሁለት ድርጅቶች ተባብረው 90 ላይ ስለሚቆሙና 91 ስለማይደርሱ ለውሳኔ ሦስት ያስፈልጋሉ፤ ሁለቱ ደግሞ ማንኛውንም ነገር ማገድ ይችላሉ። ይህ ስሌት ስለ ግንባሩ ጥንቃቄና አዝጋሚነት የሚናገረው ነገር አለው። በመጋቢት 2010 በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሊቀመንበር ምርጫ ሲካሄድ ግን አሸናፊው እንደተዘገበው 108 ድምፅ አገኙ። ሁለት ድርጅቶች ሙሉ በሙሉ ቢሰጡ ከ90 አያልፍም፤ ሦስት ቢሰጡ 135 ይደርሳል። 108 በመካከል ነው። የቀሩ አባላት መኖራቸውን ብንቆጥር እንኳ፣ ቁጥሩ «ድርጅቶች እንደ አንድ ሰው ድምፅ ይሰጣሉ» የሚለውን ታሳቢ በጥርጣሬ እንድናየው ያስገድደናል። ሞዴል የሚጠቅመው እንዲህ ሲሆን ነው፤ የተሳሳተውን ታሳቢ በጣት ማመልከት ያስችላል። በቃል የቀረበ ትንታኔ ቢሆን ኖሮ ከ90ም ከ108ም ከ135ም ጋር ተስማምቶ ይኖር ነበር።

አሁን ምርጫን ስለመተንበይ። በዚህ ላይ ሦስት እንቅፋቶች አሉ፤ ሁለቱ ሊታለፉ ይችሉ ይሆናል፣ ሦስተኛው ግን አይታለፍም።

የመጀመሪያው፣ ሰው ለምን ድምፅ ለመስጠት እንደሚወጣ ንድፈ ሐሳቡ ራሱ በአጥጋቢ ሁኔታ አለመመለሱ ነው። የአንድ ሰው ድምፅ ውጤቱን የመቀየር ዕድሉ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ፣ ወረፋ የመጠበቅ ድካም ከዚያ ይበልጣል፤ በዳውንስ ስሌት ማንም መውጣት አልነበረበትም። በኋላ ሪከርና ኦርድሹክ በ1968 «የዜግነት ግዴታን የመወጣት እርካታ» የሚል ተጨማሪ ተለዋዋጭ አስገቡ። ይህ መፍትሔ ለእኔ ሁልጊዜም ቅር የሚያሰኝ ነው፤ ሰዎች ሲወጡ እርካታው ትልቅ ነበር፣ ሳይወጡ ሲቀሩ ትንሽ ነበር ከማለት በቀር የሚለው ነገር የለምና።

ሁለተኛው፣ አንድ ውጤት ከብዙ ሞዴሎች ሊወጣ መቻሉ ነው። በ2015ቱ ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትን 547 መቀመጫዎች በሙሉ ያዙ። በአብላጫ ድምፅ ሥርዓት የአንድ ፓርቲ ድጋፍ በየምርጫ ክልሉ ተመሳሳይ ከሆነ 51 በመቶ ድምፅ እንኳ መቀመጫውን ሁሉ ሊያስገኝ ይችላል፤ ስለዚህ ሒሳቡ ብቻውን «ይህ ሊሆን አይችልም» አይልም። ተቃዋሚዎች በሚገባ መወዳደር በማይችሉበት ሁኔታም ያው 547 ይወጣል። ከመቀመጫ ቁጥር ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ለመለየት የየምርጫ ጣቢያው ውጤት፣ የዕጩዎች ምዝገባና የቅስቀሳ ሁኔታ ማስረጃ ያስፈልጋል። ሞዴሉ ውጤቱን ስላስገኘልዎ ብቻ ምክንያቱን አገኘሁ ብለው እንዳይጽፉ አጥብቄ አስጠነቅቃለሁ፤ ፈታኝ ሆኜ ባገኘው ጽሑፉን የምጥለው በዚህ ነው።

ሦስተኛው እንቅፋት ከሞዴሉ ትክክለኛነት ጋር የተያያዘ አይደለም። የሶሲዮሎጂ ተመራማሪው ማርክ ግራኖቬተር በ1978 ያቀረበውን ምሳሌ ይመልከቱ። አንድ መቶ ሰዎች አደባባይ ላይ አሉ። የመጀመሪያው ማንም ባይኖር ለተቃውሞ ይነሣል፤ ሁለተኛው አንድ ሰው ከተነሣ ይነሣል፤ ሦስተኛው ሁለት ሰዎች ከተነሡ፤ እንዲህ እያለ መቶኛው 99 ሰዎች ከተነሡ ይነሣል። ሁሉም ይነሣሉ። አሁን የሁለተኛውን ሰው መነሻ ከአንድ ወደ ሁለት ይቀይሩት፣ ሌላው እንዳለ ይሁን። የመጀመሪያው ሰው ብቻውን ተነሥቶ ብቻውን ይቀራል። ሁለቱን ሕዝቦች ከፊት ቆሞ ያያቸው፣ መጠይቅ የበተነ፣ አማካይ ያሰላ ተመራማሪ አንድ ናቸው ይላል። ቲሙር ኩራን ይህንኑ ሐሳብ ወስዶ የ1989ኙ የምሥራቅ አውሮፓ ለውጥ ባለሙያዎችን ሁሉ ለምን እንዳስደነገጠ አስረድቷል፤ ሰዎች የልባቸውን ስለሚደብቁ መነሻቸው አይታይም፣ ራሳቸው እንኳ እስከ ዕለቱ ላያውቁት ይችላሉ። የእኛን የካቲት 1966 ዓ.ም. ያስታውሱ። የነገሌ ወታደሮች በምግብና በውኃ ጉዳይ ያሰሙት አቤቱታ፣ ከዚያ የታክሲ ነጂዎችና የመምህራን አድማ እየተቀጣጠለ የዘመናት ሥርዓት ይወድቃል ብሎ በታኅሣሥ ወር የተነበየ ሰው ቢኖር፣ ትክክል የሚሆነው በሞዴል ኃይል ሳይሆን በአጋጣሚ ነበር። ሞዴሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ትንበያ የማይቻልበት ሁኔታ እንዳለ ይህ ያሳያል፤ ተጨማሪ መረጃ መሰብሰብ ይህን አይፈታውም።

ስለ ሥርዓት ለውጥ የተሠሩ ሰፋፊ ሞዴሎች፣ በተለይ አሴሞግሉና ሮቢንሰን በ2006 ያሰፉት፣ የገዢዎችን «ቃል የማሰር» ችግር መሐል ላይ ያስቀምጣሉ። ሕዝብ ተነሥቶ ያስፈራራ ጊዜ የሚሰጥ ቃል ሕዝቡ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሊታጠፍ ስለሚችል፣ ዛሬ የሚሰጥ ማሻሻያ የማይታመን ይሆናል፤ ሥልጣንን በተቋም አስሮ ማስረከብ የሚታመነው ብቸኛው ቃል የሚሆንበት ሁኔታ አለ። ይህን ማንበብ አለብዎት። ለመመረቂያ ጽሑፍ መነሻ እንዲያደርጉት ግን አልመክርም፤ ዋነኛ ተለዋዋጮቹ፣ ለምሳሌ አመፅ ምን ያህል እንደሚያስከፍል፣ በቀጥታ የሚለኩ አይደሉም።

ምክሬ አንድ ነው፦ አጠቃላይ ሥርዓቱን ይተዉትና ደንቡ የተጻፈለትን አንድ ተቋም ይውሰዱ። የፌዴሬሽን ምክር ቤትን ይውሰዱ። አንቀጽ 61 እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ ተወካይ እንዲኖረው፣ ለእያንዳንዱ አንድ ሚሊዮን ሕዝቡ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ተወካይ እንዲኖረው ይደነግጋል። በዚህ ደንብ 200 ሺሕ ሕዝብ ያለው ብሔረሰብ አንድ መቀመጫ ያገኛል፤ 10 ሚሊዮን ያለው 11 ያገኛል። በአንድ መቀመጫ ሲሰላ የመጀመሪያው 200 ሺሕ፣ ሁለተኛው 909 ሺሕ ገደማ ነው፤ ትንሹ ከአራት እጥፍ በላይ ተጠቃሚ ይመስላል። ሆኖም ከሉክሰምበርግ እንዳየነው መቀመጫ ኃይል አይደለም፤ ከዚህም የሚብስ ጥያቄ አለ። ተወካዮቹን የሚመርጡት የክልል ምክር ቤቶች ናቸው፤ ሕገ መንግሥቱ ራሳቸው እንዲመርጡ ወይም በቀጥታ በሕዝብ እንዲያስመርጡ ይፈቅድላቸዋል። እንግዲህ በሞዴሉ ውስጥ «ተጫዋች» የሚባለው ብሔረሰቡ ነው ወይስ የመረጠው ክልል? መልሱ በጽሑፉ ውጤት ላይ ሁሉን ይቀይራል፤ እኔ እስከማየው በዚህ ርዕስ ላይ በቃል የሚደረገው ክርክር ይህን ሳይለይ ነው የሚነጉደው።

ሙከራውንም ታሪክ አዘጋጅቶልዎታል። ብዙ ብሔረሰቦችን ይዞ የነበረው የደቡብ ክልል ከ2020 እስከ 2023 ባለው ጊዜ ተከፋፍሎ ሲዳማ፣ ደቡብ ምዕራብ፣ ደቡብና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ የሚባሉ ክልሎች ሆኗል። የአንቀጽ 61 ደንብ አልተነካም፤ የብሔረሰቦቹ መቀመጫም በዚህ ምክንያት አልተለወጠም። ተጫዋቹ ብሔረሰቡ ከሆነ የኃይል ክፍፍሉ እንዳለ ይኖራል፤ ተጫዋቹ ክልሉ ከሆነ ግን አንድ ትልቅ ቡድን ወደ ብዙ ተሰብሯል። መሰበር ያዳክማል ብለው አይቸኩሉ። ከመቶ 51 ድምፅ ያለው ቡድን ብቻውን ይወስናል፤ 26 እና 25 ሆኖ ቢከፈል ከቀሪው 49 ጋር ሦስቱ እኩል ይሆናሉ፣ የሁለቱ ድምር ኃይል ከሙሉ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። ሁሉም ካልተስማሙ በማይወሰንበት ደንብ ግን ከሁለት ቡድኖች አንዱ ለሁለት ቢከፈል፣ የተከፈሉት ድምር ከግማሽ ወደ ሁለት ሦስተኛ ያድጋል። አቅጣጫው በደንቡና በሌሎቹ መጠን ይወሰናል፤ ስለዚህ መሰላት አለበት። ምልዓተ ጉባኤው ሁለት ሦስተኛ፣ ውሳኔው ከተገኙት አብላጫ መሆኑን አንቀጽ 64 ስለሚናገር፣ የሰዎች መቅረት ውጤቱን እንዴት እንደሚቀይርም መመርመር ይችላሉ።

የሚያስፈልግዎ ሒሳብ ኮምቢናቶሪክስ (የአደራደርና የጥምረት ዓይነቶችን የመቁጠር ሒሳብ)፣ መጠነኛ ፕሮባቢሊቲና የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ መግቢያ ነው፤ ስሌቱ በተራ ኮምፒውተር ላይ በሚጻፍ አጭር ፕሮግራም ያልቃል። ካልኩለስ እምብዛም አይነካም። ከባዱ ሥራ ሒሳቡ ሳይሆን የመቀመጫ ዝርዝሩን በየብሔረሰቡና በየክልሉ ከምክር ቤቱ ሰነዶች ማሰባሰብ ነው። በመረጃ በኩል አንድ ጥንቃቄ ያድርጉ፦ የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በኋላ የታቀደው ተደጋግሞ ተራዝሟል። ስለዚህ የሕዝብ ቁጥርን እንደ አንድ የታወቀ አኃዝ ሳይሆን ታችኛና ላይኛ ወሰን እንዳለው ግምት ይያዙት፤ በላይኛውና በታችኛው ወሰን ስሌቱን ደጋግመው ውጤቱ የሚጸናበትንና የሚገለበጥበትን ለይተው ያሳዩ። በአንድ አኃዝ ብቻ የተሠራ ሠንጠረዥ አይቀበሉ፣ ከእርስዎም የሚቀበል ፈታኝ እንዲያገኙ አልመኝልዎም።

የኃይል መለኪያው ድምፅ ሰጪዎች በየትኛውም ተራ የመቀላቀል ዕድላቸው እኩል ነው ከሚል ታሳቢ ይነሣል፤ በተግባር ግን የአንድ ፓርቲ አባላት በተለያዩ ክልሎች ቢቀመጡም አብረው ሊቆሙ ይችላሉ። ስለዚህ ሦስተኛ ስሌት ይጨምሩ፦ ተጫዋቹ ፓርቲ ቢሆንስ? በዚያ ስሌት አንዱ ፓርቲ ከግማሽ በላይ ከያዘ የሌሎች ኃይል ዜሮ ይሆናል፣ የክልልና የብሔረሰብ ሠንጠረዦችዎም በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራሉ። ይህን ውጤት አይደብቁት፤ ከሦስቱ ሠንጠረዦች የትኛው ከምክር ቤቱ የእስከ ዛሬ ውሳኔዎች ጋር እንደሚስማማ መመርመር የጽሑፉ የመጨረሻ ምዕራፍ ሊሆን ይችላል። የሚቀጥለውን ምርጫ ውጤት የሚተነብየውን ክፍል ከጥናት ዕቅድ ማቅረቢያዎ ላይ አሁኑኑ ይሰርዙት፣ አማካሪዎ ዘንድ ከመድረሱ በፊት።